ላይም ሪጂስ የምትሄዱ፣ መጀመሪያ የባሕሩን ሰዓት እዩ

እንግሊዝ አገር ያላችሁ፣ ልጆች ይዛችሁ ወደ ባሕር ዳር ለመውጣት ካሰባችሁ ዶርሴት ውስጥ ያለችውን ላይም ሪጂስን አስቡባት። ሙዚየሟ ትንሽ ነው። ግን የቆመው ቅሪተ አካል በመፈለግ የታወቀችው ሜሪ አኒንግ የተወለደችበት ቤት በነበረበት ቦታ ላይ ነው። የድሃ እንጨት ሠራተኛ ልጅ ነበረች፤ ገና በልጅነቷ፣ በፈረንጆቹ 1811 እና 1812፣ ከወንድሟ ጋር የኢክቲዮሳውር (ዓሣ የሚመስል የጥንት የባሕር ተሳቢ እንስሳ) ቅሪተ አካል አገኘች፣ በ1823 ደግሞ ሙሉ የፕሌሲዮሳውር (አንገተ ረጅም የጥንት የባሕር ተሳቢ እንስሳ) አጽም። ያኔ የለንደኑ የጂኦሎጂ ማኅበር ሴት አባል አይቀበልም ነበር። ይህን ታሪክ ለሴት ልጅ እዚያው ቆሞ መንገር በጣም ደስ ይላል።

ምክሬ ይሄ ነው፦ ሙዚየሙ ከባለሙያ ጋር በባሕሩ ዳር ቅሪተ አካል የሚፈለግበት የእግር ጉዞ ያዘጋጃል። የሚወጣው ውሃው በሚሸሽበት ሰዓት ስለሆነ ሰዓቱ በየቀኑ ይለያያል፣ ስለዚህ ባቡርም ሆነ ማደሪያ ከመያዛችሁ በፊት የጉዞውን ሰዓት አይታችሁ ቀድማችሁ ቦታ ያዙ። ባቡሩ አክስሚንስተር ድረስ ነው፣ ከዚያ በአውቶቡስ። ከቻላችሁ በብርዱ ወራት ሂዱ፤ ማዕበሉ ገደሉን ስለሚሸረሽረው አዲስ ነገር የሚወጣው ያኔ ነው። ወፍራም ጫማ አድርጉ።

አደራ፣ ልጆቹን ከገደሉ ሥር አርቁ! የሜሪ ውሻ እንኳ በ1833 የሞተው ገደሉ ተንዶበት ነው። ገደሉን መቆፈር አያስፈልግም፤ አሞናይት (ጠመዝማዛ ቅርፊት የነበረው የጥንት የባሕር እንስሳ ቅሪት) የሚለቀመው ዳርቻው ላይ ከተበተነው ጠጠር መሃል ነው።