ኔትወርክ ኖረም ጠፋ፦ የጊት ብራንቾችን ከቴርሚናል ማስተዳደር

ጅማ ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ሦስት ሆነን የቡና መረከቢያ ሶፍትዌር እንሠራለን። ከጎማና ከማና ወረዳዎች የሚመጣው እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ሲደርስ ክብደቱን፣ ዋጋውንና የገበሬውን ስም ይመዘግባል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ሶፍትዌሩ መቆም የለበትም። ቀይ ቡና ከተለቀመ በኋላ ቶሎ መፈልፈል አለበት፤ «ነገ እናስተካክላለን» የሚባል ነገር አይሠራም። እኛ ደግሞ ልክ በዚያው ሰሞን አዲስ ነገር እንጨምራለን፣ የተበላሸ እንጠግናለን። ሥራው ሳይደበላለቅ የሚቆየው በጊት ብራንች ነው። ጊት የኮድ ለውጦችን ታሪክ የሚመዘግብ መሣሪያ ነው፤ ብራንች ደግሞ ዋናውን ሳይነካ ለብቻው የሚሄድ የሥራ መስመር።

ለኢንተርንሺፕ ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ የሚመጡ ተማሪዎች ኮሚት (ለውጥን ታሪኩ ላይ መመዝገብ) እና ፑሽ (ወደ ሰርቨር መላክ) ያውቃሉ። ብራንች ላይ ሲደርሱ ግን ይፈራሉ። ብዙዎቹ ኤዲተሩ ላይ ያለውን ቁልፍ ብቻ ነው የሚጫኑት፤ ቁልፉ ከኋላ ምን እንደሚያደርግ አያዩም። ይህን የጻፍኩት ለእነሱና ለመሰሎቻቸው ነው።

ሊነስ ቶርቫልድስ ጊትን በ2005 እ.ኤ.አ. የሠራው ለሊነክስ ከርነል፣ ማለትም ለሊነክስ ሥርዓተ ክወና እምብርት ነው። አልሚዎቹ በየአገሩ የተበተኑ ስለሆኑ እያንዳንዱ ሰው ሙሉውን የሥራ ታሪክ በራሱ ኮምፒውተር ላይ ይይዛል። ስለዚህ ብራንች መፍጠር፣ መቀየር፣ መርጅ ማድረግ (የአንዱን ሥራ ወደ ሌላው ማስገባት)፣ መሰረዝ፣ ሁሉም ያለ ኔትወርክ ይሠራል። ጅማ ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክረምት ገብቶ ኔትወርኩ ሲቆራረጥ ብዙ ሥራ ይቆማል። የብራንች ሥራ ግን አይቆምም።

ብራንች ከባድ ነገርም አይደለም። ኮዳችሁን አይገለብጥም። አንድ ኮሚት ላይ የሚያመለክት ትንሽ ፋይል ነው። አብዛኛውን ጊዜ 40 ፊደልና ቁጥር፣ ከአንድ የመስመር መጨረሻ ጋር 41 ባይት። ስለዚህ ለመፍጠር አትሰስቱ።

ትእዛዞቹን እዚህ እንደሚነበቡት ነው የጻፍኳቸው። ቴርሚናሉ (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ በላቲን ፊደል ትጽፏቸዋላችሁ።

መጀመሪያ፣ የት ነኝ?

ምንም ከመንካታችሁ በፊት፦

ጊት ስታተስ

የመጀመሪያው መስመር በየትኛው ብራንች ላይ እንዳላችሁ ይነግራችኋል። ብራንቾቻችሁን በሙሉ ለማየት ደግሞ፦

ጊት ብራንች

ኮከብ ያለበት የቆማችሁበት ነው። ብራንቾች ሲበዙ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ስለሚመጣ የሰሞኑን ከድሮው መለየት ያስቸግራል። እኔ የምጠቀመው ይህን ነው፦

ጊት ብራንች --ሶርት=-ኮሚተርዴት

በቅርብ የተሠራበት ከላይ ይመጣል። ከእኩል ምልክቱ ቀጥሎ ያለችውን ሰረዝ እንዳትረሷት፤ ተራውን የምትገለብጠው እሷ ናት።

መፍጠር

እኛ ጋ ገበሬውም ነጋዴውም በፈረሱላ ያስባል። ሚዛኑ የሚያሳየው ግን በኪሎ ነው። አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ስለሆነ ደረሰኙ ላይ ሁለቱም እንዲወጡ ፈለግን። ለዚህ ሥራ ብራንች ስንከፍት፦

ጊት ስዊች -ሲ ፈረሱላ ሜይን

ትርጉሙ «ፈረሱላ የሚባል ብራንች ፍጠር፣ ከሜይን ይነሳ፣ ወደ እሱም ውሰደኝ» ማለት ነው። ሲ የምትለዋ ትንሿ ፊደል ናት። መጨረሻ ላይ ያለውን «ሜይን» ብትተዉት ጊት አሁን ከቆማችሁበት ብራንች ያስነሳዋል። ያልጨረሳችሁት ሌላ ብራንች ላይ ከሆናችሁ ያልተጠናቀቀው ሥራ አብሮ ይገባል። ስለዚህ መነሻውን ሁልጊዜ ጻፉት። በቆዩ ፕሮጀክቶች ላይ ዋናው ብራንች ሜይን ሳይሆን ማስተር ሊባል ይችላል፤ «ጊት ብራንች» ብላችሁ አረጋግጡ።

የቆዩ መማሪያዎች ላይ «ጊት ቼክአውት -ቢ» የሚል ታገኛላችሁ። ያም ይሠራል። ግን ቼክአውት ሁለት ሥራ ነው የያዘው፤ ብራንች ይቀይራል፣ ደግሞም ፋይል ላይ ያደረጋችሁትን ለውጥ ያጠፋል። ስም ተሳስቶ የፋይል ስም ከሆነ ሥራችሁ ሳይጠይቃችሁ ይሄዳል። ስዊች በነሐሴ 2019 እ.ኤ.አ. ከጊት 2.23 ጋር የመጣው ይህን ለመለየት ነው። ለጀማሪ የማስተምረው ስዊችን ብቻ ነው።

ስም ላይ ብዙ አትጨነቁ፤ አጭርና ሥራውን የሚገልጽ ይሁን። ጊት የአማርኛ ፊደልም ይቀበላል፣ ግን ኪቦርድ መቀያየሩ ያሰለቻል። በሕዝባር መከፋፈልም ይቻላል፣ ለምሳሌ «ጥገና/ደረሰኝ»። አንድ ነገር ብቻ እወቁ። «ጥገና» የሚባል ብራንች ካለ «ጥገና/ደረሰኝ» የሚባል መፍጠር አትችሉም። አንዱ እንደ ፋይል፣ ሌላው እንደ ፎልደር ስለሚቀመጥ ይጋጫሉ።

ከስሙ ይልቅ የምጨነቀው በብራንቹ ይዘት ነው። አንድ ብራንች፣ አንድ ጉዳይ። የፈረሱላውን ስሌት ስትሠሩ የደረሰኙ ቀን ተበላሽቶ ብታዩት እዚያው አትጠግኑት። ፈረሱላው ገና ሳያልቅ የቀኑ ጥገና ዛሬውኑ ጣቢያ ላይ ሊፈለግ ይችላል። አብረው ከተሠሩ አንዱን ብቻ መላክ ጣጣ ነው።

በመሃል መቀየር

ከጣቢያ ስልክ ተደወለ እንበል። «ደረሰኙ ላይ የትናንት ቀን ነው የሚወጣው።» እናንተ ፈረሱላ ብራንች ላይ ግማሽ መንገድ ናችሁ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። ኮሚት ያልተደረገ ለውጥ የማንም ብራንች አይደለም። ብራንች ስትቀይሩ፣ ካልተጋጨ በቀር፣ ለውጡ ተከትሏችሁ ይሄዳል። ከተጋጨ ደግሞ ጊት «ይህ ፋይል ይጠፋል» ብሎ መቀየሩን ይከለክላል። ሲከለክል አትበሳጩ፤ ሥራችሁን እየጠበቀ ነው።

መፍትሔው ሁለት ነው። ጊት ስታሽ ብላችሁ ለውጡን ለጊዜው ማስቀመጥ፣ ስትመለሱ በጊት ስታሽ ፖፕ ማውጣት። ወይም እዚያው ብራንቹ ላይ «ጅምር» ብላችሁ ኮሚት ማድረግ። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። ስታሽ ሲከማች የትኛው የምን እንደነበረ ይጠፋል፣ ፑሽም ስታደርጉ አብሮ አይሄድም። ጅምር ኮሚት ግን በቦታው ይቆያል፣ ኔትወርክ ሲመጣም ወደ ሰርቨር ይላካል። በኋላ «ጊት ኮሚት --አሜንድ» ብላችሁ ታሟሉታላችሁ፤ ይህን የምታደርጉት ግን ፑሽ ካላደረጋችሁት ብቻ ነው።

ከዚያ፦

ጊት ስዊች -ሲ ጥገና/ደረሰኝ ሜይን

ጠግናችሁ፣ ኮሚት አድርጋችሁ ስትጨርሱ፦

ጊት ስዊች -

ሰረዝ ብቻ። ቀድሞ ወደነበራችሁበት ብራንች ይመልሳችኋል። ቀኑን ሙሉ የምጠቀምበት ነው።

መርጅ

ተማሪዎች በብዛት የሚደናገሩት አቅጣጫው ላይ ነው። ደንቡ ይህ ነው፤ ተቀባዩ ብራንች ላይ ቁሙ፣ የሚመጣውን ጥሩ።

ጊት ስዊች ሜይን
ጊት መርጅ ጥገና/ደረሰኝ

የሚለወጠው ሜይን ነው። የጥገናው ብራንች ምንም አይሆንም። እናንተ ከተነሳችሁ ወዲህ ሜይን ላይ አዲስ ኮሚት ካልገባ ጊት «ፋስት ፎርዋርድ» ይላል፤ ጠቋሚውን ወደፊት ብቻ ነው የወሰደው። ከገባ የመርጅ ኮሚት ይሠራል። ሁለቱም ጤነኛ ናቸው።

አሁን ወደ ግጭቱ። ፈረሱላውን እኔ ስሠራ ባልደረባዬ ደግሞ ክብደቱ በሁለት አሃዝ እንዲጠጋጋ እያደረገ ነበር። ሁለታችንም የነካነው ያንኑ አንድ መስመር ነው። መርጅ ሲደረግ ጊት ቆመና «ኮንፍሊክት» አለ። ይህ ብልሽት አይደለም። ሁለት ሰው አንድ ቦታ ላይ ሁለት ነገር ጽፏል፣ የትኛው እንደሚሻል ማሽን ሊወስን አይችልም።

ፋይሉን ስትከፍቱት ሰባት «ያንሳል» ምልክት፣ ከዚያ የእናንተ መስመር፣ ሰባት እኩል ምልክት፣ ከዚያ የሚመጣው መስመር፣ መጨረሻ ሰባት «ይበልጣል» ምልክት ታያላችሁ። ችኩል ሰው አንዱን ይመርጥና ሌላውን ይሰርዛል። እኔን ብዙ ጊዜ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። እኛ ጋ አንዱን ብንሰርዝ ወይ ፈረሱላው ይጠፋል፣ ወይ ማጠጋጋቱ ይጠፋል፤ ፕሮግራሙ ግን ምንም ሳይል ይሠራል፣ ሒሳቡ ገበሬው ላይ ይጎድላል። ትክክለኛው መልስ ሁለቱንም የያዘ አዲስ መስመር ነበር፤ መጀመሪያ ኪሎውን ለ17 ማካፈል፣ ከዚያ ማጠጋጋት።

የሚረዳ ቅንብር አለ፦

ጊት ኮንፊግ --ግሎባል መርጅ.ኮንፍሊክትስታይል ዲፍ3

ይህን ካደረጋችሁ ግጭት ሲመጣ ከሁለቱ መካከል የመጀመሪያውን፣ ማንም ከመንካቱ በፊት የነበረውን መስመር ያሳያችኋል። እያንዳንዱ ሰው ምን ሊያደርግ እንደፈለገ የሚገባው ያኔ ነው። አሁንም ካልገባችሁ የጻፈውን ሰው ጠይቁት። ምልክቶቹን አጥፍታችሁ፣ ፕሮግራሙን አስኬዱት፤ 17 ኪሎ አስገብታችሁ 1 ፈረሱላ መውጣቱን እዩ። ከዚያ ጊት አድ፣ ጊት ኮሚት። መሃል ላይ ግራ ከተጋባችሁ፦

ጊት መርጅ --አቦርት

ከመርጁ በፊት ወደነበረው ይመልሳችኋል።

ሪቤዝን (የብራንቹን ኮሚቶች በአዲስ መነሻ ላይ እንደገና መሥራት) በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፤ ለማንም ያላጋራችሁት ብራንች ላይ ተጠቀሙበት፣ ሌላ ሰው የሚሠራበት ላይ ግን አትንኩት።

ኔትወርክ ሲመጣ

ከሰርቨሩ ጋር የምንገናኘው በጥቂት ትእዛዞች ብቻ ነው። ኔትወርክ ሲገኝ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው፦

ጊት ፌች --ፕሩን

ፌች የእናንተን ብራንቾች አይነካም። ሌሎች የላኩትን አዲስ ነገር ብቻ አውርዶ «ኦሪጂን/» በሚል ስም ያስቀምጣል፤ ኦሪጂን ጊት ሰርቨሩን የሚጠራበት ስም ነው። ፕሩን ደግሞ ሰርቨሩ ላይ የተሰረዙትን ከዝርዝራችሁ ያወጣል። ኔትወርኩ ቢሄድም ከዚያ በኋላ በእርጋታ ማየት ትችላላችሁ፦

ጊት ሎግ ሜይን..ኦሪጂን/ሜይን

እናንተ ሜይን ላይ የሌለ፣ ሰርቨሩ ላይ ግን ያለ ኮሚት ሁሉ ይዘረዘራል። ጊት ፑል ፌችንና መርጅን አንድ ላይ ያደርጋል። እኔ ሁለቱን መለየት እወዳለሁ፤ ምን እንደሚገባ ሳላይ አላስገባም።

አዲስ ብራንች ለመጀመሪያ ጊዜ ስትልኩ፦

ጊት ፑሽ -ዩ ኦሪጂን ፈረሱላ

ዩ የምትለዋ ብራንቹን ከሰርቨሩ ጋር ታያይዘዋለች፤ ከዚያ በኋላ «ጊት ፑሽ» ብቻ ይበቃል። የሌላ ሰው ብራንች ላይ መሥራት ከፈለጋችሁ ፌች አድርጋችሁ «ጊት ስዊች» እና ስሙን ጻፉ፤ ጊት ራሱ አያይዞ ይፈጥርላችኋል።

ማጽዳት

እኛ ዓርብ ጠዋት፣ ባልደረባዬ ለጁምዓ ከመሄዱ በፊት፣ ብራንቾችን አብረን እናያለን። ሥራው የገባ ብራንች ከቆየ ከሳምንታት በኋላ አዲስ ሰው መጥቶ ከአሮጌ መነሻ ሥራ ይጀምርበታል። ሜይን ላይ ቆማችሁ፦

ጊት ብራንች --መርጅድ

ይህ ዝርዝር ሥራቸው ሙሉ በሙሉ የገባ ብራንቾችን ያሳያል። ሜይንን ራሱን ትታችሁ ሌላውን በስሙ ሰርዙ፦

ጊት ብራንች -ዲ ጥገና/ደረሰኝ

ትንሿ ዲ ናት። ያልገባ ሥራ ካለበት ጊት እምቢ ይላል። ትልቋ ዲ ግን ምንም ሳትጠይቅ ታጠፋለች። እኔ ትልቋን የምጠቀመው አንድ ጊዜ ነው፤ ሥራው «ስኳሽ» ተደርጎ (ኮሚቶቹ ወደ አንድ ተጠቅልለው) ሜይን ላይ ገብቶ ከሆነ። በዚያ ጊዜ ኮሚቶቹ ሌሎች ስለሆኑ ጊት እንዳልገባ ሊቆጥረው ይችላል። ያኔም መጀመሪያ ለውጡ ሜይን ላይ መኖሩን በዓይናችሁ እዩ።

ይህ ሁሉ የሚሰርዘው የእናንተን ኮፒ ነው። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ለማጥፋት፦

ጊት ፑሽ ኦሪጂን --ዲሊት ጥገና/ደረሰኝ

ስም ማስተካከል ብቻ ከፈለጋችሁ ብራንቹ ላይ ሆናችሁ «ጊት ብራንች -ኤም» እና አዲሱን ስም ጻፉ። ሰርቨሩ ላይ ያለው ስም ግን አብሮ አይቀየርም፤ አዲሱን ፑሽ አድርጋችሁ የድሮውን ሰርዙ።

በስህተት ቢሰረዝስ? ብራንች ሲሰረዝ የጠፋው ጠቋሚው ነው፣ ኮሚቶቹ አሉ። ጊት ሲሰርዝ የመጨረሻውን ኮሚት አጭር ቁጥር እዚያው ያሳያችኋል። ቴርሚናሉን ዘግታችሁት ከሆነ፦

ጊት ሪፍሎግ

በቅርብ የቆማችሁባቸው ኮሚቶች ሁሉ ይዘረዘራሉ። ቅንብሩ ካልተቀየረ፣ ከየትኛውም ብራንች የማይደረስበት ኮሚት እዚያ ዝርዝር ላይ 30 ቀን ይቆያል። ቁጥሩን አግኝታችሁ፦

ጊት ብራንች ፈረሱላ

ብላችሁ ከስሙ ቀጥሎ ቁጥሩን ጻፉ። ብራንቹ ከነሥራው ይመለሳል። ኔትወርክ ካለም ወዲያው ፑሽ አድርጉት።