ሠርገኛ ሳይመጣ በርበሬ ቀንጥሱ፦ ጎጃም ላይ ሠርግ የሚደግሱ እጮኛሞች የሚደጋግሟቸው ስህተቶች

«ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚለው ተረት ጎጃም ላይ ጥር በመጣ ቁጥር በተግባር ይታያል። ቬሎ ለመምረጥ ሦስት ወር የፈጁ እጮኛሞች ሠርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው በርበሬያቸው ገና ሳይቀነጠስ ጆንያ ውስጥ ይገኛል። የቡሬ ወይም የፍኖተ ሰላም ዛላ በርበሬ ተገዝቶ፣ ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ተቀምሞ፣ ፀሐይ መትቶት፣ ተፈጭቶ ድስት እስኪገባ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል። ፀሐይ በገንዘብ አይገዛም። እርጥቡን ያስፈጨ ሰው በርበሬው ይሻግትበታል፤ ወጥ ሠሪዋም ድስቱ ላይ ቆማ የማንን እናት እንደምትረግም ይታወቃል።

ሳይቆጥሩ ቀብድ መክፈል

ይሄኛው ለሰሚ ያስቃል፣ ለባለቤቶቹ ግን አያስቅም። ሁለቱ ባሕር ዳር ተዋውቀው፣ ጣና ዳር ሁለት ዓመት ማኪያቶ ጠጥተው፣ የአዳራሽ ቀብድ ከፍለው ሲያበቁ የልጅቷ አያት «የማን ልጅ ነው አልሽኝ?» ይላሉ። ከዚያ ቆጠራው ከደጀን ይነሳል፣ ቢቸናን ያዳርሳል፣ አምስተኛው ቤት ላይ ሁለቱም አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉ። እዚህ አገር ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቆጠራል፤ ካህኑም ይጠይቃል። ስለዚህ አንድ ብር ከመክፈላችሁ በፊት አያቶቻችሁ ዘንድ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ። በአባት በኩል ያለውን ሁሉም ይደረድረዋል፤ በእናት በኩልና በእናት እናት በኩል ያለውን ነው ሰው የሚዘልለው። ዝምድና የሚደበቀውም እዚያ ነው።

ካርድ አሳትሞ ሽማግሌ መላክ

ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ በሰላምታ ጀምረው፣ ገና ወደ ነገሩ ሊገቡ ሲሉ የልጅቷ አባት ስልካቸውን ያወጣሉ። ካርዱ በቴሌግራም ደርሷቸዋል። «እናንተ ምን አደከማችሁ? ሠርጉማ ተጠርቷል፤ እኔም ተጠርቻለሁ።» በአንድ ቀን ሊያልቅ ይችል የነበረ ሽምግልና ከዚህ በኋላ ሦስት ምልልስ ይፈጃል። ካርድ የሚታተመው ቃል ከታሰረ በኋላ ነው። ቀኑን ሁለታችሁ ብትመርጡትም ቆርጠው የሚናገሩት ወላጆች ናቸው፤ ይህቺን ትንሽ ክብር አትንፈጓቸው።

ቀን ሲቆረጥ ነነዌን መርሳት

ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም ያለው የሠርግ ወቅት መሆኑን የማያውቅ የለም። የሚረሳው ጾመ ነነዌ ነው። ከዐቢይ ጾም ሁለት ሳምንት ቀድሞ ከሰኞ እስከ ረቡዕ ይጾማል፤ ቢፈጥን ጥር 17፣ ቢዘገይ የካቲት 21 ይገባል። የ2019ን ዓመት ብንወስድ ነነዌ የካቲት 15፣ ዐቢይ ጾም የካቲት 29፣ ፋሲካ ሚያዝያ 24 ነው። እሑድ የካቲት 14 ያገባ ሰው ማክሰኞ መልስ ሲጠራ አማቾቹ ሽሮ ያቀርቡለታል ማለት ነው። እሑድ የካቲት 28 የመረጠ ደግሞ በማግስቱ ጾም ስለሚገባ የተረፈውን ሥጋ የሚበላለት ያጣል።

ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾም ለመልስ ይመቻል። ነገር ግን በዚያው ዓመት ዳግም ትንሣኤ ግንቦት 1 ላይ ስለሚውል ከልደታ ማርያም ጋር ይገጥማል፤ ግማሹ እንግዳችሁ ሰፈሩ ውስጥ ንፍሮ እየቀቀለ ይሆናል። ወደ ግንቦት መጨረሻ ከገፋችሁ ዝናብ አለ። ድንኳኑ ዙሪያ ስንዝር የሚጠልቅ ቦይ በዋዜማው ካልተቆፈረ ጎርፉ በወንበሮቹ ሥር ያልፋል፤ በነጭ ቀሚስ የመጣች እናት ሁሉ ጫፉን ሰብስባ ትቆማለች።

«ሁለት መቶ ካርድ ነው ያሳተምነው»

ስንት ሰው ጠራችሁ ሲባሉ የካርድ ቁጥር የሚናገሩ እጮኛሞች ትዕግሥት ያስጨርሳሉ። ካርድ እንጀራ አይበላም! ካርዱ ላይ «ከነቤተሰብዎ» ብላችሁ ከጻፋችሁ በ4 አባዙ፤ «ከነባለቤትዎ» ከሆነ በ2። ይህ በወረቀት የተጠራው ብቻ ነው። የልጁ አባት ቅዳሜ ገበያ ላይ በአፋቸው የጠሩት አለ። እናትየው ጽዋ ማኅበር ላይ «እንዳትቀሩብኝ» ያሉት አለ። ልጅቷ «የእኔ ወገን ትንሽ ነው» ትላለች፣ ልጁም እንዲሁ ይላል፣ ሁለቱ ትንሾች ተደምረው ድንኳን ያጣብባሉ። ጠሪ አክባሪ ነውና የተጠራ ሰው ይመጣል። የማይቆጠሩ የሚበሉም አሉ፦ ድንኳን ተካዮች፣ እንጀራ ጋጋሪዎች፣ ሾፌሮች፣ አዝማሪው፣ ካህናቱ፣ ውኃ የሚያመላልሱ የሰፈር ልጆች። ይህ ብቻውን 40 ሰው ይሞላል።

ቁጥሩ ሲሳሳት የሚሰበረው ምን እንደሆነ በእንጀራ እንየው። 400 ሰው በነፍስ ወከፍ ሁለት እንጀራ ብንይዝ 800 ነው። ከአንድ ኪሎ የጤፍ ዱቄት እንደ ምጣዱ ስፋት ከ3 እስከ 4 እንጀራ ይወጣል፤ ስለዚህ ከ200 እስከ 270 ኪሎ ዱቄት፣ ሦስት ኩንታል ብትገዙ አትጸጸቱም። አንድ ምጣድ በሰዓት ከ15 እስከ 20 እንጀራ ያወጣል። 800ውን በአንድ ምጣድ ልጋግር ያለ ሰው ሌት ተቀን ከ40 ሰዓት በላይ ይጋግራል። አራት ምጣድ ከተገኘ በአንድ ረጅም ቀን ያልቃል። እዚህ ላይ ብልጥ የሆኑ ሙሽሮች አራቱንም የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ቤት ያሰባስባሉ። አንዱ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ስለሚስብ የተራ መኖሪያ ቤት ቆጣሪ አራቱን አይችልም፤ ሦስተኛው ሲሰካ መብራቱ ይጠፋል፣ ሊጡ እየኮመጠጠ ይጠብቃል። ሁለቱን ጎረቤት ቤቶች ውስጥ አድርጉ፣ ሁለቱን በማገዶ።

የተጋገረውን እንጀራ ከነትኩሳቱ መደራረብም ጥፋት ነው። ያልበው ይያያዛል፣ ሲነሣ ይበጣጠሳል። ሰፌድ ላይ ቀዝቅዞ ነው መሶብ የሚገባው። ባሕር ዳር ሙቀት ላይ ሐሙስ የተጋገረ እንጀራ እሑድ ሻግቶ ቢገኝ አትገረሙ፤ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ጋግሩ። ሦስት ቀን የሚቦካው ሊጥ ማክሰኞ ይቦካል።

ጠላውን እንደ ቢራ ማዘዝ

ቢራ በስልክ ይታዘዛል፤ ጠላ ግን በቀን ይቆጠራል። ጋኑ ወይም በርሜሉ በግራዋ ታሽቶ ይታጠባል፣ በወይራ ይታጠናል። የተወቀጠ የጌሾ ቅጠል በውኃ ተጠንስሶ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ከዚያ የብቅል ዱቄትና የተቆራረሰ ቂጣ ይገባል። እሱ ፈላ ሲል ደረቆቱና የጌሾው እንጨት ይጨመራል፤ ድፍድፉ ይታፈናል። ውኃ የሚሞላበት ሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው ነው። ይህን ሰንሰለት ማሳጠር አይቻልም፤ ሞክረው ያሳጠሩት እንግዳቸውን ሆዱን እያሻሸ ሸኝተዋል።

ሙሽሮች የማይገምቱት የአየሩን ነገር ነው። ባሕር ዳር ከፍታው 1,800 ሜትር ገደማ ሲሆን ደብረ ማርቆስ ከ2,400 በላይ ነው። ማርቆስ ላይ ብርዱ ድፍድፉን ያዘገየዋል፤ የባሕር ዳሯ አክስት በስልክ የነገረቻችሁን ቀን ይዛችሁ ብትጠምቁ ለሠርጉ ጥንስስ ታቀርባላችሁ። ተቃራኒውም አለ። ማርቆስ የተጠመቀ ጠላ በጀሪካን ተሞልቶ፣ ክዳኑ ጥርቅም ተደርጎ፣ በአይሱዙ ወደ ባሕር ዳር ሲወርድ መንገድ ላይ መፍላቱን ይቀጥላል። ዳንግላ ሲደርስ ጀሪካኑ ተነፍቶ ኳስ ይሆናል፤ መራዊ ላይ የከፈተው ሰው ሸሚዙን ይቀይራል። ክዳኑን አላልታችሁ፣ ጀሪካኑን ሦስት አራተኛ ብቻ ሞልታችሁ ጫኑ። ዘይት ወይም ኬሚካል የነበረበት በርሜል ደግሞ ምን ቢታጠብ ጠላ አይገባበትም። ለመጠኑ፣ በሰው ሁለት ሊትር ያዙ፤ ለ400 ሰው 200 ሊትር የሚይዝ በርሜል አራት። የማይጠጣ እንግዳ ስላለ ብርዝ ወይም ለስላሳ ለብቻ ይኑር።

ለቁርባን የቆመች ሙሽራን ሊፕስቲክ መቀባት

በተክሊል ወይም በቁርባን የሚጋቡ ሰዎች ሥጋ ወደሙ ይቀበላሉ፤ ከመቁረባቸው በፊት 18 ሰዓት ይጾማሉ። እሑድ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ የምትቆርብ ሙሽራ ቅዳሜ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ውኃም አትቀምስም ማለት ነው። ሚዜዎች ይህን ረስተው ቅዳሜ ማታ «ትንሽ ቅመሺ» እያሉ ያስጨንቋታል፤ ሜካፕ ሠሪዋ ደግሞ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት መጥታ ከንፈሯን ቀይ ታደርጋለች። ከንፈር ተቀብቶ አይቆረብም፤ በር ላይ በሶፍት መጥረግ ይመጣል፣ ቀዩም አገጯ ላይ ይቀራል። ሜካፑ ከቅዳሴ በኋላ ይሁን። ቅዳሜ ቀን ሁለታችሁም ጠግባችሁ ብሉ፣ ውኃ ጠጡ፤ ከቅዳሴ ስትወጡ መኪናው ውስጥ የሚቀመስ ነገር የሚያስቀምጥ አንድ ኃላፊ ሚዜ መድቡ። የንስሐ አባትን ማነጋገርና የክርስትና የምስክር ወረቀት ማፈላለግ የወራት ሥራ ነው፣ ለመጨረሻው ሳምንት አይተውም።

ሙሽራው ደግሞ ካልሲውን ይፈትሽ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጫማ ይወልቃል፤ የተቀደደ ካልሲ በሦስት ካሜራ ተቀርጾ ይኖራል።

ፎቶ

ጢስ ዓባይ ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ውኃው የሚያምረው ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ከኋላችሁ የሚታየው ዓለት ነው። ጣና ላይ በጀልባ መነሣት የፈለገ ጠዋት ይውጣ፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል፣ ቬሎውም ሸራ ይሆናል። ክብራን ገብርኤል ላይ ሙሽራይቱን ይዞ ለመነሣት ያቀደ ሰው ብቻውን ይነሣል፤ ገዳሙ ሴት አያስገባም።

በአጭሩ የሚታለፉ

ጥሎሽ በሽማግሌ ፊት አንድ በአንድ እየተነሣ ይታያል፤ የጫማውን ቁጥር ከእህቷ አረጋግጡ፣ የአያቷን ጋቢ አትርሱ። ለሙስሊም ጎረቤቶቻችሁ በሙስሊም የሚታረድ በግ፣ የራሱ ድስትና የራሱ ወጥ ሠሪ ይኑረው፤ «ዶሮው አንድ ነው» የሚል ሰው ወጥ ቤት አይግባ። የበሬው ሥጋ ተንጠልጥሎ ይደር፣ ተከምሮ ያደረ ይሸታል፤ ለቁርጥ የምታቀርቡትን የእንስሳት ሐኪም ይየው። ዶሮ 12 ብልት ነው፣ «ሃያ ሰው ይበቃዋል» የሚል ሒሳብ የለም። ጄኔሬተሩን ከነነዳጁ ተከራዩ፤ ባዶ ጄኔሬተር ያመጣልን ብሎ መጨቃጨቅ የተለመደ ነው። የሰዓት እላፊ በወጣበት ከተማ ራት ግብዣ አታስቡ፣ ምሳ አድርጉት። የቤተ ክርስቲያን ወረቀት የቀበሌውን አይተካም፤ ጋብቻው በ30 ቀን ውስጥ ወሳኝ ኩነት ይመዝገብ፣ ከየወገኑ ሁለት ሁለት ምስክር ይዛችሁ ሂዱ።

በእድሩ ድንኳን ብቻ መተማመን

የእድር ድንኳን፣ አግዳሚና ሳህን ርካሽ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚመካበትም ለዚህ ነው። እድር ግን የተቋቋመው ለለቅሶ ነው። ቅዳሜ ማታ ሰፈር ውስጥ ሰው ካረፈ ድንኳኑ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሙሽራ ነኝ ብሎ የሚከራከር የለም፣ ቢኖርም ነውር ነው። የአጎራባች እድር ዳኛን አስቀድማችሁ ለምኑ፣ ወይም ለኪራይ ድንኳን ትንሽ ቀብድ አስይዙ።

ዕቃውን ስትረከቡ ከንብረት ያዡ ጋር ቆማችሁ ቁጠሩና ተፈራረሙ፦ ሳህን፣ ብርጭቆ፣ ጭልፋ፣ ድስት ከነክዳኑ። ማስረከቡንም ለአንድ ሰው በስሙ ስጡት። «ሁላችንም እናስረክባለን» ከተባለ ማንም አያስረክብም፤ ክዳኑ ጎረቤት ይቀራል፣ ጭልፋው የሴት ወገን ዕቃ ውስጥ ተጠቅልሎ ሞጣ ይገባል። ከዚያ በሦስተኛው ቀን ሙሽሮቹ መልስ ላይ ተቀምጠው፣ የሙሽሪት እናት ገና እያጎረሷቸው፣ ስልክ ይጠራል፦ «ጋሼ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ፤ 12 ብርጭቆና አንድ ክዳን ጎድሏል።»