ወደ ካላ ቦኬር በእግር ለምትወርዱ

ስፔን፣ ማዮርካ ደሴት ለመሄድ ካሰባችሁ ግማሽ ቀን ለቦኬር ሸለቆ አስቀሩ። መንገዱ ከፖርት ዴ ፖየንሳ ከተማ ዳር ይነሳል። ሸለቆው መጨረሻ ላይ እስካለችው ትንሽ የባሕር ዳርቻ፣ እስከ ካላ ቦኬር፣ 3 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ቀስ ብሎ ለሚሄድም አንድ ሰዓት ይበቃል።

ከሁሉ በፊት ውሃ ያዙ። ሸለቆው ውስጥ ጥላ የለም ማለት ይቻላል። ታች ስትደርሱም ሱቅ፣ ካፌ፣ ሽንት ቤት የሚባል ነገር አታገኙም። ለአንድ ሰው ቢያንስ 1.5 ሊትር ይያዝ። በሐምሌና በነሐሴ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ ሳትበረታ በጠዋት ውጡ።

ዳርቻው ጠጠር እንጂ አሸዋ አይደለም። በባዶ እግር መርገጥ ያማል፤ ውሃ የማያበላሸው ጫማ አድርጉ። ከሰሜን ኃይለኛ ነፋስ ከነፈሰ ግን መዋኘቱ ይቅርባችሁ።

መንገድ ላይ የእርሻ በሮች አሉ። ከፍታችሁ ስታልፉ መልሳችሁ ዝጉ፣ እባካችሁ። ፍየሎችም ታያላችሁ፤ አትመግቧቸው።

ለእኔ ምርጡ ወቅት ሚያዝያ ነው። ከአፍሪካ ወደ አውሮፓ የሚመለሱ ወፎች ሸለቆው ውስጥ አረፍ ይላሉ። የሩቅ ማያ መነጽር ካላችሁ ሻንጣ ውስጥ ክተቱት።