ከእምነት ሲወጡ ከቤተሰብ ላለመውጣት፦ ለሐዋሳ ኢ-አማኞች የተጻፈ መመሪያ

ይህ ጽሑፍ አምላክ ስለመኖሩ ወይም ስላለመኖሩ ለመከራከር የተዘጋጀ አይደለም። በክርስቲያን ቤት አድገው፣ ከጊዜ በኋላ ባነበቡትና ባሰቡት ምክንያት ማመን ላልቻሉ፣ አሁን ደግሞ ሐዋሳ ውስጥ ከወላጅ፣ ከጎረቤትና ከዕድር ጋር እንዴት እንደሚኖሩ ለሚያሳስባቸው አዋቂዎች የተጻፈ ነው።

አስቀድመው የሚያጣሩት ነገር የተዉት እምነትን መሆኑን ወይም የተቀየሙት አገልጋይን መሆኑን ነው። ስለ ገንዘብ ሲል ትንቢት የሚናገር ሰባኪ ያሳዘነው ወይም ካህን በአደባባይ የገሠጸው ሰው ቂሙን ክህደት አድርጎ ሊቆጥረው ይችላል፤ እንዲህ ያለው ሰው አጥቢያ ሲለውጥ እምነቱ ይመለሳል። ራስዎን የሚመረምሩበት ጥያቄ ቀላል ነው፦ ነገ ቤተ ክርስቲያኑ ከነውር ሁሉ ቢጸዳ ያምኑ ነበርን? በአንድ ማስረጃ ብቻ መቸኮልም አይገባም። ለምሳሌ የቤተ ክርስቲያን የዘመን ቀመር የሆነው ባሕረ ሐሳብ ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት 5500 ዓመት ሲቆጥር፣ በ1967 ዓ.ም. በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ያስቆጠረች መሆኗ ብዙ ተማሪዎችን ያናውጣል፤ ነገር ግን ይህን እያወቁ በጽኑ የሚያምኑ ብዙ ምሁራን ስላሉ፣ ማስረጃው የዘመን ቆጠራን ይፈትናል እንጂ ለብቻው ኢ-አማኝ አያደርግም።

መልሱ ከጸናልዎት ለማወጅ አይቸኩሉ። የሚኖሩት በወላጆችዎ ቤት ከሆነና የትምህርት ወጪዎን የሚሸፍኑት እነርሱ ከሆኑ፣ ቢያንስ የራስዎ ገቢና የሚያርፉበት ቤት እስኪኖርዎት ድረስ ዝም ማለት ፍርሃት ሳይሆን ማስተዋል ነው ብዬ አምናለሁ። ለመናገር ሲወስኑም ሁሉንም ሰው በፋሲካ ገበታ ላይ ከመሰብሰብ ይልቅ ምስጢር መጠበቅ ከሚችል አንድ ወንድም ወይም እኅት መጀመር ይሻላል።

ለወላጅ ሲነግሩ የሚጋፈጡት ሥነ መለኮትን ብቻ ሳይሆን ትዝታንም ነው። ደርግን ያዩ ሰዎች «አምላክ የለም» የሚለውን ቃል የሰሙት ከካድሬ አፍ ነበር፤ በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስም የመካነ ኢየሱሱ ቄስ ጉዲና ቱምሳም ተገድለዋል፤ በደቡብም ብዙ ጸሎት ቤቶች ተዘግተው ምእመናን በየቤቱ ተደብቀው ይጸልዩ ነበር። ስለዚህ አባትዎ «የእነዚያን ሰዎች መንገድ ያዝክ» ቢሉ ስድብ አድርገው አይውሰዱት። ማንንም የማስገደድ ሐሳብ እንደሌለዎት፣ የእርሳቸውም ጸሎት እንዲከበር እንደሚፈልጉ በግልጽ መናገር ከአሥር የፍልስፍና ክርክር ይበልጣል።

ከዚህ በኋላ ያለው አካሄድ እንደ ቤቱ ይለያያል። በኦርቶዶክስ ቤት ጾምን መተው ወይም ለንስሐ አባት አለመቅረብ ለረጅም ጊዜ እንደ ስንፍና ሊታለፍ ይችላል፤ ማተብ መበጠስ ግን ወዲያው ይታያል፤ ጉዳዩ እንደ ሕመም ከተቆጠረም ዘመድ ተሰብስቦ ወደ ጸበል ሊወስድዎት ይነሣል። በጴንጤ ቤት፣ በሐዋሳም ይህ እጅግ ብዙ ቤት ነው፣ ሁለት እሑድ የቀረ የኳየር አባል ወዲያው ይፈለጋል፤ ሽማግሌዎች ቤት ድረስ መጥተው ይጸልያሉ፤ አንዳንዱም ነገሩን የአጋንንት ሥራ ያደርገዋል። በአገልግሎት ላይ ካሉ እንዳይጠፉባቸው፤ መሪውን አግኝተው በአክብሮት መልቀቅዎን ይናገሩ፣ በእጅዎ ያለውን ቁልፍ፣ ገንዘብና መሣሪያ ያስረክቡ። የመጡትን ሽማግሌዎች ቡና አፍልተው ያስተናግዱ፤ «ስለ እኔ በማሰባችሁ አመሰግናለሁ፣ ውሳኔዬ ግን በችኮላ የተደረገ አይደለም» ብለው ክርክሩን ይዝጉት። ጥቅስ ለጥቅስ መመላለስ ስብሰባውን ያራዝመዋል እንጂ ማንንም አሳምኖ አያውቅም።

ሕጉ ከእርስዎ ጋር ነው፤ ገደብም አለው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትንና ሃይማኖትን ይለያል፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ የሃይማኖት፣ የእምነትና የአመለካከት ነፃነትን አረጋግጦ፣ ማንም ሰው የሚፈልገውን እምነት የመያዝ ነፃነቱ በኃይል ወይም በሌላ መንገድ በማስገደድ እንዳይገደብ ይከለክላል። ስለዚህም ለአካለ መጠን የደረሰን ሰው ያለ ፈቃዱ ወደ ጸበል ወይም ወደ ጸሎት ቤት መጎተት መብቱን መጣስ ነው። ነገር ግን ይኸው አንቀጽ ወላጆች ልጆቻቸውን በእምነታቸው የማሳደግ መብት እንዳላቸው ስለሚደነግግ፣ ዕድሜው ከ18 ዓመት በታች የሆነ አንባቢ ቢታገሥ ይሻለዋል። የወንጀል ሕጉም የሃይማኖት ሥርዓትን የሚያውክንና የተቀደሰ ቦታን የሚያራክስን ይቀጣል፤ አለማመን መብት መሆኑ በታቦት ማደሪያ ደጃፍ ላይ ለመሳለቅ ፈቃድ አይሰጥም።

ስለ ዕለት ኑሮ ያለኝ አስተያየት ጥብቅ አይደለም። እናትዎ በፍልሰታ የጾም ወጥ ከሠሩ የጾም ወጥ ይብሉ፤ ሽሮ የሃይማኖት መግለጫ አይደለም። ታኅሣሥ 19 የገብርኤል ንግሥ ሲደርስ እናትዎን ደጅ ድረስ መሸኘት፣ በገና ቤት ሙሉ ዘመድ መሀል መቀመጥ፣ በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ጨምበላላ ወደ በዓሉ ስፍራ ጉዱማሌ ሄዶ ሽማግሌዎችን መሳለም፣ እነዚህ ሁሉ የዝምድና ሥራዎች ናቸው። መስመሩን የማሰምረው ሌላ ቦታ ነው፦ ሳያምኑ መቁረብ፣ ጉባኤ ፊት ቆሞ መመስከር ወይም ጸሎት መምራት ለሚያምኑት ሰዎች ሐሰት መናገር ስለሆነ መቅረት አለበት። ገበታ ላይ «አንተ ጸልይ» ቢባሉ «ዛሬ እማዬ ትባርክልን» ማለት ይበቃል።

ዝምታ ፈጽሞ የማይፈቀድበት ጉዳይ ጋብቻ ነው። እጮኛዎ አማኝ ከሆነች ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ሁሉንም ማወቅ አለባት፤ የልጆች ክርስትና፣ የእሑድ ጠዋት፣ የአሥራት ገንዘብ ሁሉ አስቀድሞ ሊነሣ ይገባል። አብዛኞቹ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት «ከማያምኑ ጋር በማይመች አካሄድ አትጠመዱ» የሚለውን የጳውሎስ ቃል ጠቅሰው አያጋቡም፤ ተክሊልም ከቁርባን ጋር የተያያዘ ነው። በክብር መዝገብ ሹም ፊት የሚፈጸመው ጋብቻ ግን ሃይማኖት የማይጠይቅ ሙሉ ሕጋዊ ጋብቻ ነው። ሳያምኑ የሃይማኖት ሰርግ አስመስሎ መፈጸም በኋላ በሚያመጣው ጠብ ሲመዘን ዋጋው ውድ ነው።

የመጨረሻው ሥራ ብዙ ወጣት የማያስበው የቀብር ጉዳይ ነው። ከሃይማኖት ማኅበር ሲወጡ ከዕድር አብረው እንዳይወጡ ይጠንቀቁ፤ የሰፈር ዕድር አብዛኛውን ጊዜ ኦርቶዶክሱንም ጴንጤውንም ሙስሊሙንም ስለሚይዝ ወርሃዊ መዋጮዎን ሳያቋርጡ ይክፈሉ፣ ለቅሶ ይድረሱ፣ ድንኳን ይትከሉ። የመቃብር ቦታ ግን በየሃይማኖቱ የተከፈለ በመሆኑ የት መቀበር እንደሚፈልጉ፣ ፍትሐት ይኑር አይኑር፣ ለቤተሰብ ሰላም ሲሉ ምኑን እንደሚተዉላቸው በጽሑፍ ያስቀምጡ። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነቦ ወዲያው መፈረም አለበት፤ በራስዎ እጅ የሚጽፉት ከሆነ ሙሉ በሙሉ በእጅዎ የተጻፈ፣ ኑዛዜ መሆኑን የሚናገር፣ ቀንና ፊርማ ያለበት ይሁን። ሰነዱን ግን ሣጥን ውስጥ ቆልፈው አያስቀምጡት፤ በእኛ አገር ቀብር ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ስለሚፈጸም፣ ኑዛዜ የሚፈለገውም ሰልስት ካለፈ በኋላ ስለሆነ፣ አንዱን ቅጂ ለዕድሩ ዳኛ ወይም ስልክ ሲደወልለት ቀድሞ ለሚደርስ ዘመድ ይስጡ።