የፔጆ 404ን ቦዲ በግቢ ውስጥ ማደስ

ሐረር ላይ ለዓመታት ታክሲ ሆነው ያገለገሉት ፔጆ 404ዎች የብዙዎቹ ሕመም አንድ ነው፤ ከቀለሙ ሥር ሌላ ቀለም፣ ከሱ ሥር ስቱኮ (ጎድጓዳ መሙያ ሊጥ)፣ ከስቱኮው ሥር ዝገት። የጁገል ግንብ በላጨው ቁጥር ላዩ ተስተካክሎ፣ ውስጡ እንዳለ ተትቷል። ስለዚህ እዚህ የምንገልጸው ሥራ አብዛኛው ብረት ላይ ነው። ቀለም የመጨረሻውና አጭሩ ክፍል ነው።

404 በ1960 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ መልኩን የጣሊያኑ ፒኒንፋሪና የነደፈው መኪና ነው። እንደ ጭነት መኪና ለብቻው የቆመ ሻንሲ (የታች ብረት ማዕቀፍ) የለውም፤ ሸክሙን የሚሸከመው ቦዲው ራሱ ነው። ደፉ (ከበሮቹ ሥር የሚሄደው ባዶ ሳጥን) የበሰበሰ 404 አስቀያሚ ብቻ ሳይሆን የሚታጠፍ መኪና ነው።

ምርመራ

ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ቦዲውን በሙሉ ያዳርሱ። ጨርቁ ቀለሙ እንዳይጫር ነው። ማግኔቱ አጥብቆ የያዘበት ብረት ነው፤ የላላበት ቦታ ስቱኮ አለ፤ ጭራሽ የወደቀበት ደግሞ ብረቱ አልቆ በስቱኮ ወይም በፋይበር ተሞልቷል ማለት ነው። በጠመኔ ያክብቡት።

ቀጥሎ በአሮጌ ካቻቢቴ ከታች በኩል ይውጉ። መጀመሪያ የሚታዩት፦ ደፉ፣ የፊት ወለል እግር የሚያርፍበት፣ የፊት ፓራፋንጎ የኋላ ጫፍ፣ የመብራቱ ዙሪያ፣ የበሮቹ ታችኛ ከንፈር፣ የዕቃ መጫኛው ወለል። ከሁሉም በላይ ኮፈኑን ከፍተው የፊት ሾክና ሞላ ራስ የሚታሰርበትን ቦታ ይመልከቱ። እዚያ ዙሪያ ብረቱ ከተሰነጠቀ ወይም እንደ ቅጠል ከተነባበረ ሥራውን ልምድ ላለው በያጅ ይስጡ። የጎማው አቀማመጥ በዚያ ነጥብ ስለሚወሰን በግቢ ውስጥ በግምት የሚሠራ አይደለም።

ጅቡቲ ላይ የቆየ መኪና ከሆነ የባሕር ጨው በብረት መጋጠሚያዎች መካከል ስለሚቀር፣ ላዩ ንጹሕ ቢመስልም መጋጠሚያዎቹን ሁሉ ይውጉ።

ከመቁረጥ በፊት

ባትሪውን ያውጡ። የቤንዚን ታንኩንም ያውርዱና ከግቢው ራቅ ያድርጉ፤ ባዶ ታንክ ከሙሉው ይልቅ አደገኛ ነው፣ የሚፈነዳው ትነቱ ነውና። ወንበር፣ ምንጣፍ፣ ጎሚኒ፣ በብየዳው አካባቢ የሚያልፍ ሽቦ ሁሉ ይነሳ። የዱቄት እሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ይኑር፤ ብየዳው ካለቀ በኋላም ቢያንስ ግማሽ ሰዓት መኪናውን ትተው አይሂዱ። ከጣሪያው ጨርቅ ውስጥ የገባ ብልጭታ ቀስ ብሎ ነው የሚነሳው።

ደፍ የሚቆርጡ ከሆነ ደግሞ መኪናውን መሐሉ ላይ በክሪክ አያንሱት። ክብደቱ በአራቱም ጎማ ላይ እንዳረፈ፣ ጎማዎቹ ሥር ጠንካራ ድጋፍ ገብቶ ይቁም። በሮቹ ተዘግተው በሩና ቦዲው መካከል ያለውን ክፍተት ዙሪያውን ለክተው ይጻፉ። ከዚያ 30 በ30 ሚሊ የሆነ አራት ማዕዘን ቱቦላሬ በበሩ ክፍት ቦታ ከፊት ምሰሶ ወደ መሐል ምሰሶ አግድም፣ ሌላውን በሰያፍ፣ በትንሽ ነጥብ ብየዳ ይያዙ። በሩ እንዲዘጋ ቱቦላሬው ከውስጥ በኩል ይሁን። አንዱ ጎን ተበይዶ ሳያልቅ ሌላውን አይንኩ። ሁለቱም ደፍ አንድ ላይ የተቆረጠበት 404 መሐሉ ይሰምጣል፤ ከዚያ በኋላ በሩ እሺ ብሎ አይዘጋም፣ በሩን በማጠፍም አይስተካከልም።

መቁረጥና መበየድ

ዝገቱ ከሚታይበት ቢያንስ 2 ሴንቲ ሜትር አልፈው፣ ግራይንደሩ ሲነካው ነጭ ብረት እስኪያበራ ይቁረጡ። የበሰበሰ ብረት ጫፍ ላይ የተበየደ ላሜራ እንደገና ያንኑ ጫፍ ይዞ ይበሰብሳል፤ ብየዳ ሲነካውም ቀዳዳው እየሰፋ ይሸሻል። የቀዳዳው ማዕዘኖች ክብ ይሁኑ። ሹል ማዕዘን ከብየዳው በኋላ የሚሰነጠቅበት ቦታ ነው።

ለውጭ ቦዲ 0.8 ሚሊ፣ ለወለልና ለደፍ 1 ሚሊ ጥቁር ላሜራ በቂ ነው። የጣሪያ ቆርቆሮ አይጠቀሙ፤ ዚንኩ ሲቃጠል የሚወጣው ነጭ ጭስ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያመጣል፣ ብየዳውንም ያንፈቀፍቀዋል። ክብ የሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ የመብራት ዙሪያ፣ በመዶሻ ከማውጣት ከወደቀ ሌላ 404 መቁረጥ ይቀላል።

ቁራጩን በካርቶን ለክተው ይቁረጡ፤ በቀዳዳውና በቁራጩ መካከል 1 ሚሊ ያህል ክፍተት ይተዉ። ላሜራውን በቀዳዳው ላይ ደርቦ መበየድ ይፈጥናል፤ ግን በሁለቱ ብረቶች መካከል ውሃ ይገባና ዝገቱ ካሰቡት በፊት ይመለሳል። ወለል ላይ መደረብ ካልቀረ ጠርዙ ከላይም ከታችም በማሸጊያ ማስቲሽ ይዘጋ።

ብየዳው በሚግ (ሽቦው በራሱ እየወጣ በሚበይድ ማሽን) ቢሆን ጥሩ ነው፤ 0.6 ሚሊ ሽቦ፣ ዝቅተኛ ኃይል። በተራ ኤሌክትሮድ 0.8 ሚሊ ላሜራ መበየድ ለለመደ እጅም ከባድ ነው፤ ይበሳል። የጋዝ ብየዳ ደግሞ መገጣጠሚያውን ለስላሳ አድርጎ በመዶሻ እንዲስተካከል ይተወዋል፤ ችግሩ ሙቀቱ ሰፊ ስለሆነ ትልቅ ጠፍጣፋ ቦታን፣ በተለይ በርና ኮፈኑን፣ ማወዛወዙ ነው። በየትኛውም ይበይዱ፣ አንድ መስመር ይዘው አይሂዱ። አንድ ነጥብ ከላይ፣ አንድ ከታች፣ አንድ ከግራ፣ አንድ ከቀኝ፣ ከዚያ በመካከላቸው፤ ነጥቦቹ መጀመሪያ በ3 ሴንቲ ሜትር ልዩነት። እጅዎ ብረቱን መንካት ሲችል ብቻ ወደሚቀጥለው ይለፉ። ውሃ ደፍቶ ማቀዝቀዝ ላሜራውን በድንገት ስለሚሰበስበው ጭርምትምት ያደርገዋል።

ደፉ ታች ላይ ፋብሪካው የተወው ትንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አለ። በስህተት በያጆች ደፍነውት ይገኛል። በ8 ሚሊ ፑንታ ይክፈቱት።

ጉብጠት

የጎበጠ ቦታ ሲመታ፣ ከበስተጀርባ ከባድ ለስላሳ ብረት ደግፈው ከዳር ወደ መሐል ይሂዱ። መጨረሻ የጎበጠው ዳሩ ስለሆነ መጀመሪያ የሚለቀቀውም እሱ ነው። መሐሉን በኃይል መምታት ብረቱን ይለጥጠዋል፤ የተለጠጠ ላሜራ በአውራ ጣት ሲጫኑት ገባ ወጣ እያለ ይንኳኳል። ያን ጊዜ መዶሻ አይፈታውም። የ1 ሴንቲ ሜትር ያህል ክብ ቦታ በጋዝ እሳት እስኪቀላ አግለው ቀስ ብሎ እንዲቀዘቅዝ መተው ይሰበስበዋል።

አሮጌ ቀለም ለማንሳት የደቻቱን ወንዝ አሸዋ በኮምፕሬሰር መርጨት የሚሞክሩ አሉ። ቀጭኑን ላሜራ ያወዛውዛል፤ የአሸዋው ብናኝም ሳንባ ይጎዳል። ቀለም ማንሻ ኬሚካልና ጠንካራ የሽቦ ብሩሽ ይበቃል። የ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ ሲፈግፉ ጭንብል ያድርጉ፤ ልጆችና ዶሮዎችም ከዚያ ግቢ ይራቁ።

የተራቆተ ብረት አያድር። ሐረር ላይ በክረምት በአንድ ሌሊት ቡናማ ይሆናል። በቲነር ጠርገው በዚያው ቀን ኢፖክሲ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መከላከያ ሽፋን) ይቀቡት። ዝገት የሚበላ አሲድ ከተጠቀሙ በደንብ ታጥቦ ይድረቅ፤ የቀረ አሲድ ላይ የተቀባ ስቱኮ አይጠነክርም።

ስቱኮ

ከ2 ወይም ከ3 ሚሊ በላይ የሚያስፈልግ ከሆነ ወደ መዶሻው ይመለሱ። ስቱኮ የሚቀባው በተፈገፈገ ኢፖክሲ ወይም በ80 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት በተጫረ ንጹሕ ብረት ላይ ነው። በአሮጌ ዱኮ (በቲነር የሚቀጥን የመኪና ቀለም) ላይ ከተቀባ ውስጡ ያለው ፈሳሽ ዱኮውን አልሶ ያነሳዋል።

የሃርድነሩ (የስቱኮው ማድረቂያ) መጠን ድሬዳዋና ሐረር ላይ አንድ አይደለም። ለ100 ግራም ስቱኮ 2 ግራም የሚለው ልማድ 20 ዲግሪ አካባቢ ላለ አየር ነው፤ ለሐረር ጠዋት ይሠራል። ድሬዳዋ ላይ በቀትር በዚያ መጠን ከቀላቀሉት ገና ሲያስተካክሉት ይደርቅብዎታል። ወደ 1 ግራም ተኩል ወይም ጥቂት ዝቅ ያድርጉ፣ ትንሽ ትንሽ ይቀላቅሉ፣ ማለዳ ይሥሩ። ፈጥኖ ይደርቃል ብሎ ሃርድነር መጨመር ትርፉ ከወራት በኋላ በቀለሙ ላይ የሚወጣ ቢጫማ እድፍ ነው።

በ30 ሴንቲ ሜትር እንጨት ላይ የተለጠፈ የብርጭቆ ወረቀት ይዘው በሰያፍ ይፈግፍጉ፤ 80፣ ከዚያ 120፣ ከዚያ 180። በጣት ብቻ የተፈገፈገ ስቱኮ ሞገድ ይሠራል። ፕራይመር ያልሸፈነውን ስቱኮ በውሃ ፈጽሞ አይፈግፍጉ፤ ስቱኮ እርጥበት ይጠጣና ከቀለም በኋላ ያብጣል።

ቀለም

ሁለተኛ ፕራይመር ረጭተው፣ በላዩ ጥቁር ቀለም እንደ ጉም በስሱ ነፍተው፣ በ400 ቁጥር የውሃ ወረቀት ሲፈግፉ ጥቁሩ የቀረበት ሁሉ ጎድጓዳ ነው። ያን ካላስተካከሉ ቀለም ያጎላዋል እንጂ አይሸፍነውም።

መርጫው ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ እያንዳንዱ መስመር የቀድሞውን ግማሽ ይሸፍን። የኮምፕሬሰሩን ውሃ ከመጀመርዎ በፊት ያፍስሱ። ድሬዳዋ ላይ ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር ይግዙ፤ ፈጣኑ ቲነር ቀለሙ ብረቱ ላይ ሳይደርስ ስለሚደርቅ አሸዋ የተነሰነሰበት ያስመስለዋል። ዱኮ በዝናባማ ቀን ሲረጭ ደግሞ ነጭ ጭጋግ ያወጣል። ከሃርድነር ጋር የሚቀላቀለውን ዘመናዊ ቀለም ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያመጣ ጭንብል ከሌለዎት ግቢ ውስጥ አይርጩት፤ ተራው ባለካርቦን ጭንብል ለዚያ ቀለም አይበቃም። ቦዲውን እስከ ፕራይመር አድርሶ የመጨረሻውን ቀለም ብቻ ለጋራዥ መስጠት ብልህነት ነው።

ቀለሙ ከደረቀ በኋላ በደፉና በበሮቹ ውስጥ ሰም ወይም አዲስ ወፍራም ዘይት ይርጩ። ከቀለም በፊት ከተረጨ ሰሙ ወደ ውጭ ይወጣና ቀለሙን ዓሣ ዓይን በሚመስል ቀዳዳ ያበላሸዋል። የተቃጠለ የሞተር ዘይት ርካሽ ቢሆንም አሲድ ስላለበት ይቅር። ፓራውልቱንና መብራቱን ሲመልሱ በየብሎኑ ሥር የላስቲክ ሮንዴላ ያስገቡ፣ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹም በሰሙ እንዳልተደፈኑ በሽቦ ይፈትሹ።