የእንጨት ሲኤንሲን ሚግ ብየዳ ማስያዝ፣ ጎንደር ላለን

በር ላይ አበባ ለመቅረፅ የተገዛች ትንሽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የምትታዘዝ መቅረጫ ማሽን) ስራ ሲቀዘቅዝ ሸራ ለብሳ ነው የምትቀመጠው፣ ሚግ (ሽቦው ራሱ እየወጣ በጋዝ ተከልሎ የሚበየድበት) ብየዳ ማስያዝ ግን ይቻላል። አንድ ፍርግርግ ለመበየድ ከሆነ አትልፉ፣ አዘዞ ያለ በያጅ እናንተ ፕሮግራሙን ሳትፅፉ ጨርሶ ሻዩን ይጠጣል። የሚያዋጣው አንድ አይነት እቃ መቶ መቶ ስትሰሩ ነው፣ የወንበር እግር፣ የባጃጅ እቃ መጫኛ ምናምን።

እንቅስቃሴው ቀላሉ ነው። ስፒንድሉን፣ ማለትም መቅረጫውን የሚያሽከረክረውን ሞተር፣ ፈታችሁ በቦታው የሚግ ቶርቹን (የብየዳውን እጀታ) እሰሩ፣ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ዘንበል ይበል፣ ሽቦው ከጫፉ 10-12 ሚሊሜትር ይውጣ። የቶርቹን ኬብል ከጣራ በላስቲክ አንጠልጥሉት፣ ከባድ ስለሆነ ትንሿን ሞተር ይጎትታትና ስቴፕ (እርምጃ) ትዘላለች፣ ከዛ መስመሩ ሁሉ ይንጋደዳል።

የብዙዎቹ ሚጎች ቃታ ሁለት ቀጭን ሽቦ ነው፣ ሲነካኩ ጋዙም የብየዳ ሽቦውም ከረንቱም ይለቀቃል። ስለዚ ኮንትሮለሩ ስፒንድል የሚያበራበትን መስመር በሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚታዘዝ ማብሪያ) አድርጋችሁ እነዚህን ሁለቱን ማነካካት ነው፣ በቃ። ጂአርቢኤል (GRBL፣ የብዙ ትንንሽ ሲኤንሲ ኮንትሮለሮች ሶፍትዌር) ላይ ኤም3 ኤስ1000 (M3 S1000) ያበራል ኤም5 (M5) ያጠፋል፣ ሌዘር ሞዱ መጥፋቱን እዩ። ከኤም3 ቀጥሎ ጂ4 ፒ0.5 (G4 P0.5) ጣል አድርጉ፣ ግማሽ ሰከንድ ቆሞ ብረቱ ሲቀልጥ ነው መሄድ ያለበት፣ ካጠፋ በኋላም ቶርቹ ወዲያው አይነሳ፣ ትንሽ ጋዝ ይፍሰስለት።

ዋናው ነገር ከረንቱ ነው። የማሳውን (የከረንት መመለሻውን) ክላምፕ ቀጥታ የሚበየደው ብረት ላይ ንከሱት፣ ማሽኑ አካል ላይ በፍፁም! ከ100 አምፔር በላይ መመለሻ ሲፈልግ በኩሽኔታው፣ በስክሩው፣ ከባሰም በዩኤስቢ ገመዱ ላፕቶፓችሁ ውስጥ ያልፋል። በብየዳ ጠረጴዛውና በማሽኑ መሀል ባክላይት (ከረንት የማያሳልፍ ጠንካራ ፕላስቲክ) አስገቡና ቡሎኖቹንም ለዩ፣ ከዛ መልቲሜትሩን ቢፕ ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ጠረጴዛው ላይ ሌላውን ማሽኑ ላይ፣ ቢፕ ካለ የሆነ ቡሎን ይነካል ማለት ነው፣ ሳታገኙት ፓወር አትስጡ። የሊሚት ስዊች (ማሽኗ ጫፍ ስትደርስ የሚያስቆማት ማብሪያ) ገመዶች ሺልድ (መከለያ) ያላቸው ይሁኑ፣ ከተቻለ ላፕቶፑን ትታችሁ ያለ ኮምፒውተር በሚሰራ ኦፍላይን ኮንትሮለር አስኪዱት። በሃይ ፍሪኩዌንሲ የሚነሳ ቲግ (ሌላ የብየዳ አይነት) ግን አትሞክሩ፣ ኮንትሮለሩን ይበላዋል።

ለ3 ሚሊሜትር ላሜራ በ0.8 ሚሊሜትር ሽቦና በአርጎን ቅልቅል ጋዝ 18-19 ቮልት፣ ጋዝ በደቂቃ 12 ሊትር፣ ፍጥነት ከኤፍ350 እስከ 450 (በደቂቃ ሚሊሜትር) ጀምሩና በቁራጭ አስተካክሉ። እኛ ደጃፍ ላይ መበየድ እንወዳለን፣ ነፋስ ጋዙን ከወሰደው ብየዳው እንደ እንጀራ አይን አይን ያወጣል፣ ግቡ ወይ ጋርዱ። ጎረቤት ወፍጮ ተነስቶ ቮልቴጅ ሲወርድም የሰው እጅ ቀስ ይላል፣ ማሽኗ ግን አታውቅም፣ ዝም ብላ ትሄዳለች። ክፍተትም አታይም፣ በግራይንደር አጣሞ የተቆረጠ ብረት ካስገባችሁላት ትበሳዋለች፣ ስለዚ ማቆሚያ ያለው ጂግ (ብረቱን ሁሌ አንድ ቦታ ላይ የሚይዝ መያዣ) ስሩና ሁለቱን ጫፍ በእጅ ነካ ነካ አድርጋችሁ ያዙት፣ እኔ እንደውም ከኮዱ ይልቅ ጂጉ ላይ ጊዜ አጥፉ ነው የምለው።

ኢመርጀንሲ ስቶፑ ሞተሩን ብቻ ሳይሆን የቃታውንም መስመር ይቁረጥ፣ ፕሮግራሙ ሀንግ ቢያደርግ ቶርቹ አንድ ቦታ ቆሞ እየነደደ ይቀራል።