ሊኒየር አልጀብራን እንዴት መያዝ ይቻላል?

ሊኒየር አልጀብራ ሲጀመር ሰው ያዘናጋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ማትሪክስ (በረድፍና በዓምድ የተደረደሩ ቁጥሮች) መደመርና ማባዛት ናቸው። «ይሄማ የ11ኛ ክፍል ትምህርት ነው» ብሎ ክላስ የሚፎርፍ ብዙ ነው። እኔም አንዱ ነበርኩ። ከዚያ ቬክተር ስፔስ (ተደምረውም በቁጥር ተባዝተውም ከስብስቡ የማይወጡ ነገሮች) መጣ። ቁጥሮቹ ከሰሌዳው ጠፉ፣ «አረጋግጥ» የሚል ጥያቄ ብቻ ቀረ። ሚድ ላይ ጉድ የሆንኩት እዚያ ጋ ነው።

መጀመሪያ እጃችሁን አፍታቱ። ጋውሲያን ኤሊሚኔሽን (አንዱን ረድፍ እያባዙ ከሌላው በመቀነስ ያልታወቁትን አንድ በአንድ ማጥፋት) እንደ ሽንኩርት ነው፤ የማይገባበት ወጥ የለም። ኢንቨርስ (የማትሪክሱን ሥራ የሚቀለብሰውን ማትሪክስ) ለማግኘትም፣ ራንክ (ወደ ታች እናየዋለን) ለመቁጠርም፣ ዲተርሚናንት (ኢንቨርስ መኖሩን የሚነግረውን ቁጥር) ለማውጣትም እሱኑ ነው የምትጠቀሙት። (ስሙን ጀርመናዊው ጋውስ ይውሰደው እንጂ ቻይናውያን ከ1800 ዓመት በፊትም በዚሁ መንገድ ያሰሉ ነበር።) ባለ ሦስት ረድፍ ማትሪክስ በቀን ሁለት ሁለት፣ ያለ ካልኩሌተር ሥሩ። ያገኛችሁትን መልስ ወደ መጀመሪያዎቹ ኢኩዌሽኖች መልሳችሁ አስገቡ። አንዲት የተረሳች ማይነስ የሙሉ ገጽ ልፋት ይዛ ትሄዳለች።

ቃሉ ሲከብዳችሁ ገበያ ውረዱ። አንዱ 2 ኪሎ ሽንኩርትና 1 ኪሎ ቲማቲም ገዝቶ 190 ብር ከፈለ። ሌላዋ 1 ኪሎ ሽንኩርትና 3 ኪሎ ቲማቲም በ220 ብር ገዛች። ብትፈቱት ሽንኩርት 70፣ ቲማቲም 50 ብር ነው። አሁን ሦስተኛ ሰው ይምጣ፦ 3 ኪሎ ሽንኩርት፣ 4 ኪሎ ቲማቲም፣ 410 ብር። ምን አዲስ ነገር ነገረን? ምንም። የሁለቱን ዘንቢል አንድ ላይ ገልብጦ ነው የመጣው። የእያንዳንዱን ሰው ግዢ አንድ ረድፍ አድርጋችሁ ኤሊሚኔሽን ስትሠሩ የእሱ ረድፍ እንዳለ ዜሮ ይሆናል። ሊኒየር ዲፔንደንስ የሚባለው ይኸው ነው። ራንክ ደግሞ አዲስ ነገር ይዘው የሚተርፉት ረድፎች ብዛት ነው፤ እዚህ 2። ሰውዬው «400 ነው የከፈልኩት» ካለ ግን ሒሳቡ አይገጥምም፤ መፍትሔ የለውም። ወይ ቅናሽ ተደርጎለታል።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ትርጉም ሁለት ምሳሌ ያዙ፤ አንድ የሚያሟላ፣ አንድ የማያሟላ። ሰብስፔስ (በቬክተር ስፔስ ውስጥ ያለ ራሱን የቻለ ቬክተር ስፔስ) ስትሉ፣ በዜሮ ነጥብ የሚያልፍ መስመር ያሟላል። ትንሽ ከፍ ብሎ ዜሮን የሳተ መስመር አያሟላም። ትርጉሙን በቃል መሸምደድ ብቻውን ፈተና ላይ አያወጣም፤ የማያሟላውን ምሳሌ የያዘ ተማሪ ግን አይወናበድም።

አይገንቫልዩ ሲመጣ ወደ ፎርሙላው አትሩጡ። ረድፎቹ (2፣ 1) እና (1፣ 2) የሆነ ማትሪክስ ውሰዱ። አቅጣጫና ርዝመት ያለውን ቀስት፣ ማለትም ቬክተር (1፣ 1)ን ስታባዙበት (3፣ 3) ይወጣል፤ አቅጣጫው ያው፣ ርዝመቱ ሦስት እጥፍ። (1፣ 0)ን ብታባዙ ግን (2፣ 1) ሆኖ ይዞራል። የማይዞረው አይገንቬክተር ነው፣ 3 ደግሞ አይገንቫልዩው። ሌላም የማይዞር አለው፤ ራሳችሁ ፈልጉት።

ለፋይናል ወርክሺቱን መልስ ሳታዩ ሥሩ። «እውነት ወይስ ሐሰት» የሚሉትን አትናቁ፤ ብዙ ነጥብ የሚበላው እዚያ ነው። ለምሳሌ፦ ሁለት ዜሮ ያልሆኑ ማትሪክሶች ተባዝተው ዜሮ ሊሰጡ ይችላሉ? «አይችሉም» ለማለት አትቸኩሉ። ረድፎቹ (0፣ 1) እና (0፣ 0) የሆነውን ማትሪክስ በራሱ አባዙትና እዩ።